የጨው ውኃው ትራፊክ

የባሌ እህት እትዬ ዘነበች ሳትጠይቀኝ ድስቴን ትከፍታለች።

ሲሰሙት ትንሽ ነገር ይመስላል። በጓሮ በር ሳታንኳኳ ትገባለች፣ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ትመልሳለች፣ ክዳኑን ታነሳለች፣ በገዛ ማማሰያዬ ጨልፋ መዳፏ ላይ ጠብ ታደርግና ትቀምሳለች። ከዚያ ዝም ትላለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የምትቀምሰው ጨዉን ነው። ባለቤቴን ወልደ ማርያምን ደም ግፊት የጣለው ጊዜ፣ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ብሎ አንደበቱም የተዘጋ ጊዜ፣ እሷ አንድ ለቅሶ ቤት ሄደች። ድንኳን ሙሉ ሰው ተቀምጧል። «ወንድሜን በጨው ገደለችው» አለች። አልሞተም እኮ! ቤት ተኝቶ በእጄ ሾርባ እየጠጣ ነው። ያልሞተውን ሰው ገደለችው ብላ፣ የሰው ለቅሶ ላይ የራሷን ለቅሶ ቀላቀለች። ወሬው ቦንጋን ዞሮ እኔ ጋ የደረሰው ሊጠይቁኝ በመጡ ሴቶች ፊት ነው። ወጥ ሳወጣላቸው እርስ በርስ ተያዩ።

ከዚያ ወዲህ ስንት ክረምት አለፈ። ቃሏን ተሳስቻለሁ ብላ አላነሳችም፣ እኔም አልረሳሁም። ሽማግሌ ልትልክ የሚገባት እሷ ናት፤ እኔ አልልክም። በአፌ አንቱ እላታለሁ፣ በልቤ አንቺ ነው የምላት።

ወልደ ማርያም ከባድ መኪና ነጂ ነበር። ዕድሜውን የጨረሰው በጅቡቲ መንገድ ነው። ጫካና ጉም ያሳደገው ሰው ባሕር ሲያይ ልቡ እዚያው ቀረ። እየመጣ ያወራልኛል፣ ዓሣው ቢጫ ነው፣ ሰማያዊ ነው፣ ባለመስመር ነው ይላል። እኔ አላምነውም፤ የማውቀው ዓሣ ተጠብሶ የሚበላውን ነው። አንድ ቀን የመስታወት ገንዳ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ዓሦቹን ከነውኃቸው በላስቲክ ቋጥሮ አመጣና «በይ እንግዲህ ውሸታም በይኝ» አለኝ።

ሲታመም ገንዳው በእኔ እጅ ወደቀ። የባሕር ዓሣ ቀላል አይደለም። ወጥ የሚገባው ጨው አይሆነውም፤ ለሱ ተብሎ የተሠራ ጨው ከአዲስ አበባ በባልዲ ይመጣል። በዝናብ ውኃ እበጠብጠዋለሁ፣ ዝናቡ መቼም እኛ አገር አይጠፋም። ጨዉን የምትለካ፣ መርፌ ያላት የፕላስቲክ ዕቃ አለች፤ መርፌዋ አረንጓዴው ላይ ስትቆም ልክ ነው። ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፣ መርፌ ለማየት ግን አራተኛ ክፍል ይበቃል። መብራት የጠፋ ቀን ውኃው እንዳይበርድ በጠርሙስ ሙቅ ውኃ እየሞላሁ አንሳፍፍበታለሁ። ባሏን በጨው ገደለች የተባለች ሴት፣ ጨው ስትለካ ትውላለች።

የወልደ ማርያምን አልጋ ከገንዳው ፊት ለፊት አደረግንለት። ቀኑን ሙሉ እሱን ነው የሚያየው። ቃል አይወጣውም፣ ግን ዓይኑ ከዓሦቹ ጋር ይሄዳል ይመጣል። ዓሦቹን ሲያይ የዋለ ቀን ይበላል። ይሄን ሳላውቅ አይቀርም ነበር፣ ግን ልብ ብዬ አላሰብኩትም።

ከዓሦቹ መሃል አንድ ጥቁር አለ፣ ግንባሩና ግራ ቀኝ ጎኑ ላይ ነጭ ነጥብ ያለበት። ወልደ ማርያም ጤነኛ ሳለ «ትራፊክ» ብሎ ስም አወጣለት፤ መንገድ መሃል ቆሞ ያለፈውን ሁሉ ስለሚመልስ። «ይሄ ፈቃድ ይጠይቃል፣ መታወቂያ ይጠይቃል፣ ምንም ቢያሳዩት አያሳልፍም» እያለ ይስቅ ነበር። ሲመጣ የአውራ ጣት ጥፍር አያህልም። እያደገ ሲሄድ ግን ሳቁ ቀረ። የድንጋዩን ዋሻ ያዘ። ከዚያ የዋሻውን ደጅ ያዘ። ከዚያ ገንዳው በሙሉ የሱ ሆነ። ሁለት ብርቱካን መልክ ያላቸው ዓሦች አሉን፣ ባልና ሚስት ናቸው፤ እነሱን በመብራት ከሚሠራው የውኃ ማሞቂያ ጀርባ ጥግ አስያዛቸው። ለምግብ ብቅ ሲሉ ይነክሳቸዋል። ክንፋቸው እንደ አሮጌ ጨርቅ ተሸነታተረ።

ዘነበች አንድ ቀን ከወንድሟ ራስጌ ተቀምጣ ስታይ ቆየችና፣

«ይሄ ጥቁሩ ሁዳዴም አይገድበው? በፆም ይናከሳል!» አለች።

«ዓሣ ፆም የለውም፣ እትዬ።»

«ነፍስ አይደለም?»

«ነፍስ ነው። ግን ቤተ ክርስቲያን አልተሳለመም።»

ልትስቅ ነበር፣ እኔ ያልኩት መሆኑ ትዝ ሲላት ተወችው። ከዚያ እንዲህ አለች፤ «ብቸኝነት ነው ያከፋው። እያቸው፣ እነዚህ ሁለት ናቸው። እሱ ማን አለው? ወገን የሌለው እንዲህ ይሆናል። የራሱን ዘር አምጪለት።»

እውነቱን ልናገር፣ ነገሩ ልቤ ገባ። እኛ ዘንድ ሰው ሲከፋ ዘመድ ይጠራለታል። ሲታመም ዘመድ፣ ሲጣላ ዘመድ፣ ሲያብድም ዘመድ ነው የሚይዘው። ለዓሣ ለምን አይሆንም አልኩ። ከእሷ ጋር የተስማማሁት በዚህ ብቻ ነው።

ዋለ የሚባል የባለቤቴ ረዳት የነበረ ሰው አሁን ራሱ ሾፌር ሆኖ ጅቡቲ ይመላለሳል። ደወልኩለት፤ ቁርጥ ትራፊኩን የሚመስል፣ ነጥቡ ሳይቀር የሚመስል ትንሽ ዓሣ በላስቲክ ቋጥሮ አመጣልን። ላስቲኩን ገንዳው ላይ አንሳፍፈን ቆየንና ለቀቅነው። ትራፊኩ ከዋሻው ወጣ። ቀጥ ብሎ ቆሞ አየው። ያም ቆሞ አየው። ዘነበች እልል አለች። «ወንድሙን አወቀው!» አለች። ወልደ ማርያም ግን ግንባሩን ቋጠረ።

በማግስቱ ወጥ ቤት ነበርኩ። ወልደ ማርያም በግራ እጁ የአልጋውን እንጨት ሲመታ ሰማሁ። ውኃ ፈልጎ ነው ብዬ ውኃ ይዤ ገባሁ። አልጠጣም አለ፣ እንጨቱን መታ። ትራሱን አስተካከልኩለት፣ እንጨቱን መታ። ሽንት ቤት ይሆናል ብዬ ዕቃውን አቀረብኩ፣ ገፋው። ዓይኑ ከእኔ አልፎ ይሄዳል፣ እኔ ግን ፊቱን እንጂ ዓይኑን አልተከተልኩም። ተበሳጭቼ «ምን ላድርግልህ ታዲያ!» ብዬው ወደ ድስቴ ተመለስኩ። እሱ መምታቱን ቀጠለ። በኋላ ዝም አለ።

ዘነበች ስትመጣ ነው ያየነው። ትንሹ ዓሣ በጎኑ ተጋድሞ ከላይ ይንሳፈፋል፣ አንድ ዓይኑ የለም። ትራፊኩ ዋሻው ደጅ ቆሟል። ወልደ ማርያም ይሄን ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተኝቶ አይቶታል። ሲጠራኝ ነበር።

ያን ዕለት አንቱታው ከአፌ ወደቀ።

«ዘሩን አምጪለት ያልሽው አንቺ ነሽ!» አልኳት።

«አምጪ አልኩ እንጂ ጥለሽው ወጥ ቤት ግቢ አልኩ? ቤት ውስጥ ያለሽው ማን ሆነሽ?»

«ቤት ውስጥ ያለሁት እኔ መሆኔን ዛሬ አወቅሽው?»

«እናውቃለን እንጂ! ወንድሜም የወደቀው አንቺ ያለሽበት ቤት ነው!»

«በይ ድገሚው። እዚሁ ፊቱ ድገሚው። ድንኳን ውስጥ ያልሽውን ድገሚው።»

በሁለታችን መሃል ያለው አልጋው ነው። እሷ ከዚህ፣ እኔ ከዚያ፣ እሱ መሃል። ልትደግመው አፏን ከፈተች። ወልደ ማርያም ግራ እጁን አንስቶ ዓይኖቹን ሸፈነ። ከዚያ እየተጎተተ፣ እኔ ስገለብጠው እንኳ የሚከብደው ሰው፣ በራሱ ጉልበት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አልበላም አለ። እኔ ሳጎርሰው ጥርሱን ይገጥማል። እሷ ስታጎርሰው ጥርሱን ይገጥማል። ውኃ በጥጥ አድርገን ከንፈሩን እናርሳለን። ገንዳውንም አያይም፣ እኛንም አያይም፣ ግድግዳውን ነው የሚያየው። ሐኪሙ መጥቶ አየውና፣ እንዲህ ከቀጠለ በአፍንጫው ቱቦ እናስገባለታለን፣ ሰውነቱ ግን ይችለዋል ብዬ አልነግራችሁም አለን። ዘነበች ወደ ውጭ ወጥታ በአገሯ ቋንቋ በከፊኛ ለራሷ እያወራች አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ትራፊኩን ልገድለው ወጥ ማጥለያዬን ይዤ ገባሁ።

ገንዳው ጋ ስደርስ ወልደ ማርያም ተኝቶ ጀርባውን ሰጥቶኛል። ሌላ ሞት እዚህ ቤት ውስጥ ይሰማ? እጄ እንቢ አለኝ። ጨዉን የሚልክልኝ፣ አዲስ አበባ የዓሣ ዕቃ የሚሸጥ ኢሳይያስ የሚባል ሰው አለ፤ ለሱ ደወልኩ። ትንሹ እንዴት እንደሞተ ነገርኩት።

«እትዬ ትርንጎ፣ ለምንድነው ራሱን የሚመስል ያመጣችሁበት?»

«ዘመድ ነዋ። እንዲያጽናናው።»

«እሱ ከሁሉም አብልጦ የሚጠላው የሚመስለውን ነው። ብርቱካኖቹን ይነክሳል እንጂ ዋሻውን ይወስዱብኛል ብሎ አይፈራም። ያኛው ግን የሚፈልገው ያንኑ ዋሻ፣ ያንኑ ምግብ ነው።»

«ስለዚህ ምን ይሻላል? ልግደለው?»

«ኧረ በእግዚአብሔር! አውጥተው ለብቻው ያቆዩት። እሱ ሳይኖር ድንጋዩን በሙሉ አፍርሰው እንደ አዲስ ይደርድሩት። ሁለት ዋሻ ያድርጉ፣ አንዱ ከአንዱ የማይታይ። ሲመለስ የኔ የሚለውን ቦታ ያጣዋል፣ እንደ እንግዳ ነው የሚገባው። ምግብ ደግሞ በአንድ ቦታ አይስጡ፣ ከሁለቱም ጫፍ እኩል ይጣል።»

«ከዚያ ይታረቃሉ?»

«መታረቅ የለም። አይገዳደሉም፣ ያ ነው።»

ትራፊኩን በማጥለያው አጠመድኩት። ማጥለያውን በሌላ ማጥለያ ከደንኩና በሽቦ አስሬ እዚያው ውኃው ውስጥ፣ ከጥግ አንጠለጠልኩት። ቀዳዳው ውኃ ያስገባል፣ እሱን ግን አያስወጣም። እጅጌዬን ሰብስቤ ድንጋዩን ማፍረስ ጀመርኩ። እጄ በቢላና በአመድ የተሰነጣጠቀ ነው፤ የጨው ውኃ ሲገባበት እሳት ነው። ድንጋዩ ከመስታወቱ ጋር እየተጋጨ ይንቋቋል። ወልደ ማርያም ይሰማል፣ አውቃለሁ፣ ጆሮው ደህና ነው። አልዞረም። አንዱን ዋሻ በበር በኩል፣ ሌላውን በመስኮት በኩል አድርጌ፣ መሃል ላይ ትልቁን ድንጋይ እንደ ግድግዳ አቆምኩ።

ብርቱካኖቹ ከማሞቂያው ጀርባ የወጡት ትራፊኩ ታስሮ በቆየ ጊዜ ነው። መጀመሪያ አፍንጫቸውን፣ ከዚያ ግማሻቸውን። ቀስ ብለው የመስኮቱን ዋሻ ያዙት። ቤት መሆኑን እስኪያምኑ ተውኳቸውና ትራፊኩን ፈታሁት። የድሮው ዋሻው የነበረበት ቦታ ሄዶ ቆመ። ዞረ፣ እንደገና መጥቶ ቆመ። የለም።

ምግቡ ግን አስቸገረኝ። በዚህ ጫፍ ጥዬ ወደዚያ ጫፍ አልጋውን ዞሬ እስክደርስ፣ ትራፊኩ የዚህኛውን ጠርጎ እዚያ ይጠብቀኛል። ብርቱካኖቹ ተመልሰው ገቡ። ለአንድ ሰው የሚሆን ሥራ አይደለም።

ዘነበች ያን ጊዜ የሾርባ ሳህን ይዛ ገባች፣ ከቤቷ ሠርታ ያመጣችው ነው። ከተጣላን ወዲህ አልተነጋገርንም። ወንድሟ ከንፈር ላይ ማንኪያውን አስጠጋች፣ ጥርሱን ገጠመ። ሳህኑን አስቀምጣ መዳፏን ታይ ጀመር።

«እትዬ» አልኩ፣ «እጅዎን ይታጠቡና እዚያ ጫፍ ይቁሙ።»

«ምን?»

«ይቁሙ። ይችን የዓሦቹን ምግብ ይያዙ። እኔ አሁን ስል ይጣሉ።»

«ማን አዛዥ አደረገሽ?»

«ትራፊኩ።»

ሳታስበው ሳቅ አመለጣት። አጭር ሳቅ ነው፣ አፏን ወዲያው በነጠላዋ ያዘች። ግን አልጋው ሲጢጥ አለ። ሁለታችንም አልዞርንም፤ ዞር ካልን ወደ ግድግዳው የሚመለስ መሰለን። እሷ በአንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው፣ መሃላችን ውኃው አለ። «አሁን» አልኩ። ጣልን። ትራፊኩ ወደ እኔ መጣ፣ ወደ እሷ ሄደ፣ መሃል ላይ ቆሞ ዞረ። ብርቱካኖቹ በሷ በኩል በሉ። እንደገና ጣልን። ትራፊኩ እኔ ጋ ቀርቶ በላ፣ ከዚያ የበሩን ዋሻ አየው፣ ገባበት።

ስዞር ወልደ ማርያም ያያል። ፊቱን ከግድግዳው መልሶ ገንዳውን ያያል።

እኔ ማንኪያ አነሳሁ፣ እሷም ሳህኗን አነሳች። እኩል ተጠጋን። ጥርሱን ገጠመ። ዓይኑ እኔን አየ፣ እሷን አየ፣ ሊዘጋ ነው። ያኔ ማንኪያዬን አስቀምጬ ወጣሁ። ለምን እንደወጣሁ ቃል አልነበረኝም፣ እግሬ ነው የወጣው። ወጥ ቤት ቆሜ አዳመጥኩ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ማንኪያ ሳህን ሲነካ ሰማሁ፤ ደግሞ ሰማሁ። እየበላ ነው። ከእሷ እጅ፣ ጨው የሌለው ሾርባዋን። ደስ አለኝ ብል እዋሻለሁ። ግን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ስትወጣ «ምሳው የእርስዎ ይሁን፣ እራቱ የኔ» አልኳት። «እርስዎ ሲያበሉ አልገባም። እኔ ሳበላ አይመጡም።» በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

በማግስቱ ምሳ ይዛ መጣች። በጓሮ በር ገባች፣ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች፣ የእራቴን ድስት ክዳን አነሳች።

«ምንድነው የሚቀምሱት?» አልኳት።

«ማታ የሚበላውን ነዋ። ወንድሜ አይደለም?»

ማማሰያው በእጄ ነበር። የምወረውረው መስሎኝ ደነገጥኩ። ከወዲያ ክፍል ወልደ ማርያም የአልጋውን እንጨት መታ። ዛሬ ውኃ ፈልጎ ነው አላልኩም። ምን እንዳለ ገባኝ፤ ለእናንተም ሁለት ዋሻ አድርጊ ነው የሚለው።

አናጢ ጠራሁ። ቤታችን የጭቃ ነው፣ የወልደ ማርያም ክፍል አንዱ ግድግዳ ወደ መንገዱ ነው። አናጢው ማገሩን ሲቆርጥ፣ ጭቃው ሲረግፍ፣ ዘነበች ደረሰች።

«ምንድነው ይሄ?»

«በር።»

«ለማን?»

«ለእርስዎ።»

«እኔ በር አጣሁ?»

«የሚያልፉት በወጥ ቤቴ ነው። ከእንግዲህ በወጥ ቤቴ አያልፉም።»

«ልታባርሪኝ ነው እንዴ፣ ትርንጎ?»

«የሚያባርር ሰው ግድግዳ አፍርሶ በር አያወጣም። ስለ ጨው ያሉትን ግን አልረሳሁትም፤ እስኪያነሱት ድረስም አልረሳውም። ምሳው የእርስዎ ነው ብያለሁ፣ የእርስዎ ነው።»

ዓይኗ ወንድሟ ላይ አረፈ። ሳህኗን ይዛ አናጢውን በጎን አልፋ በፈረሰው ገባች። ቀሚሷ ጭቃ ነካ።

አናጢው በሩን ሲገጥም መቀርቀሪያውን ከላይ ሊያደርገው ነበር፣ እንደማንኛውም በር። «የለም፣ ዝቅ አድርገው» አልኩት። «ስንት ዝቅ?» አለኝ። የወልደ ማርያምን አልጋ በግራ ጎኑ ወደ በሩ አስጠጋነው፣ ገንዳውን እንደሚያይ ሆኖ። ግራ እጁን አንስቼ ግድግዳው ላይ ዘረጋሁት፣ ጣቱ የደረሰበት ላይ በከሰል ምልክት አደረግኩ። «እዚህ» አልኩት። አናጢው እጁንም እኔንም አየና መቀርቀሪያውን እዚያው መታው።

በማግስቱ ለምሳ ዘነበች በአዲሱ በር መጥታ አንኳኳች። ወጥ ቤት ነበርኩ፤ ሰማሁ፣ አልተነሳሁም። እንደገና አንኳኳች። ወልደ ማርያም እንጨቱን አልመታም። ጣቶቹ ብረቱን ሲፈልጉ ሰማሁ፣ ሲያንሸራትቱ፣ ሲያመልጣቸው፣ ደግሞ ሲይዙ። ከዚያ መቀርቀሪያው ተሳበ፣ ለእህቱ ራሱ ከፈተላት።